አላውቀውም ያልኩት ሰው

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ አንድ አልጋ ላይ አብራኝ ለምትተኛው እህቴም። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት በቅርቡ ነው፤ ደስ ብሎኝ ስለ ሰፈር ሰርግ፣ ስለ ታክሲ ረዳት፣ ስለ ሁሉም ጻፍኩ። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ግን ይሄ ነገር ቀድሞ ይመጣል። ደከመኝ።

አባቴ ኮልፌ ጨርቅ ይሸጣል። አምና ዕቃ ሊያመጣ ኢስታንቡል ሲሄድ «እንግሊዝኛሽ ይታይ እንግዲህ» ብሎ ለአስተርጓሚነት ይዞኝ ሄደ። ከመሄዳችን በፊት ስለ ውጭ አገር ሥርዓት ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ሰው ላይ አይፈጠጥም፣ ሰልፍ አይዘለልም፣ ጮክ ተብሎ አይወራም። ሥርዓት የማውቀው እኔ፣ የማያውቀው እሱ። ይህን ይዤ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሻይ ቤት ገባን። ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ሶኬት ወዳለበት ጥግ ሄድኩ። እዚያ የኔ እኩያ የሆኑ ሁለት ፈረንጅ ልጆች ነበሩ፤ እነሱም አገር ሊያዩ የመጡ። ወሬ ጀመርን። እንግሊዝኛዬ ሳይደናቀፍ ወጣልኝ።

ይሄኔ አባቴ አጨበጨበ። ጧ፣ ጧ። እኛ ሰፈር አስተናጋጅ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እዚያ ግን ቤቱ ሁሉ ዞረ። የአስተናጋጁ ፊት ተለዋወጠ። አንደኛዋ ልጅ ሳቋን አፍና «ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? እሱም አልበቃኝም፤ «አንዳንድ ሰው ሥርዓት ሳይማር ነው ከአገሩ የሚወጣው» ብዬ ጨመርኩበት።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ሻዬን በራሱ እጅ ይዞልኝ መጣ። «ሀዩ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ እንጂ። ወሬው ይደርሳል።»

ምን አልኩት? ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው፣ ለአስተናጋጅ እንደሚባለው፣ በእንግሊዝኛ «አመሰግናለሁ» አልኩት። እሱ የቀለድኩ መስሎት ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷን መዘዘ፤ «ዌልካም» ብሎ እየሳቀ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ልጆቹ ገብቷቸዋል። ቦርሳቸውን ሰብስበው ሲወጡ ደህና ሁኚ እንኳ አላሉኝም።

አሁን ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ ይህችን ወሬ ይሰማል። «ልጄ ከፈረንጆቹ ጋር ስታወራ ብታዩዋት! እኔ አንድም ቃል አልገባኝ። ግን ዞር ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር። አባቴ ነው እያለቻቸው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። «አይደል ሀዩ?»

«አዎ» እላለሁ።

ኢስታንቡል የካድኩት አንድ ጊዜ ነው። እዚህ ግን ደንበኛ በገባ ቁጥር እክደዋለሁ። ዝም ያልኩት ደስታውን ላለመቀማት ነው ልላችሁ ነበር። አይደለም። እንደዚያ የሚያየኝን ዓይኑን እንዳላጣ ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። የካድኩት እናንተን አይደለም።