ከበሩ የተቆረጠው ቀጋ

የበደለችኝ የባሌ እህት ናት። የበደለችኝም ባሌ በሞተ በአርባው፣ በተዝካሩ ዋዜማ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን እሷ እላታለሁ፤ ይህን ያህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ጎንደር ባለው ቤታችን፣ በውጭ በሩ ጎን አንድ ቀጋ ነበረኝ። የወገራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅል የዱር ጽጌረዳ ነው። እሾሁ ቆልመም ያለ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካን የመሰለ። ልጆች ሳለን የፍሬውን ውስጥ አራግፈን ልጣጩን እንበላ ነበር። የእኔን ቀጋ ያመጣሁት ባገባሁ በዓመቱ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለው ከእናቴ አጥር ሥር ነቅዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱም አጥሩም ፈረሰ። ከዚያ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

የባሌ ወገኖች የኮላ ድባ ሰዎች ናቸው። እነሱ ዘንድ እሾህ ከብት ለመከልከል ካልሆነ ለሌላ ነገር አይፈለግም። እህቱ ቀጋውን ገና ስታየው፣ "ወገሬዋ ሙሽራ እሾህ ይዛ ትዳር ገባች!" ብላ ሳቀች። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሙሽራ ምን ታደርጋለች? እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው የምትለኝ፤ ጸጉሬ ሸብቶ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥቼ እንኳን።

ባሌ ደግሞ "የአማቴ ዘበኛ" ይለው ነበር። ሲገባና ሲወጣ የካፖርቱን እጅጌ ይይዘዋል። "ዛሬም ዘበኛው ፈተሸኝ" እያለ ይገባል፤ የተተረተረውን እኔ እሰፋለሁ። ቅሬታ ይሁን ጨዋታ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላሰብሁ።

በእኛ ወግ ባል የሞተባት ሴት እስከ አርባው ከፍራሿ አትነሣም፤ በቤቷም አታዝም። ድግሱን የሚያዘው ዘመድ ነው። ጠላውን ማን ይጥመቅ፣ ዳሱ የት ይጣል፣ ሌላው ይወስናል፤ ሐዘንተኛዋ የምትሰማው በግድግዳ በኩል ነው። የእኛን ድግስ ያዘዘችው እህቱ ነበረች። በዋዜማው ተቀምጬ የምሳር ድምፅ ሰማሁ። ለወጡ እንጨት የሚፈልጡ መሰለኝ። "እግዜር ይስጣቸው፣ ደከሙ" ብዬ መረቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደግፈው ሲያወጡኝ ቀጋው የለም። በቦታው የዳሱ ምሰሶ ቆሟል። ቅርንጫፎቹን ጎትተው ውሻ ወደ ሥጋው እንዳይገባ የጓሮውን አጥር ቀዳዳ ደፍነውባቸዋል፤ አበባው ገና አልጠወለገም ነበር። ጮኼ አለቀስሁ። ያየኝ ሁሉ ለባሌ ያለቀስሁ መሰለው። እህቱም መጥታ አቅፋ፣ "አይዞሽ ሙሽሪት፣ አይዞሽ" አለችኝ። ለማን እንዳለቀስሁ እኔም እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ያን ክረምት በጣሳ ችግኝ ይዛ መጣች።

"እንቺ፣ ሸጋ አበባ አመጣሁልሽ። እሾህ የለው፣ ምን የለው።"

"ምንድን ነው እትዬ?"

"ሃይድራንጃ ነው አለኝ ሻጩ። እኔ ዘንድ ሰማያዊ ሆኖልሻል፤ አዘዞ ያየው ሁሉ ቅርንጫፍ ስጪኝ እያለ አስቸገረኝ።"

ቦታ አልጠየቀችኝም። ቀጋው ከነበረበት ላይ ራሷ ቆፍራ ተከለችውና እጇን በቀሚሴ ጫፍ ጠረገች። በቀሚሷ አይደለም፣ በቀሚሴ። ልትክሰኝ ነው ወይስ ቦታውን ልትይዝብኝ? በዚያን ቀን አልገባኝም። አሁንም ያው ነኝ።

ለግቢው ከሁለቱ የትኛውን ልትከል ብሎ ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው ብዬ ቁርጡን መንገር አልችልም። ቀጋ ከሰማይ ከሚወርደው ሌላ ውሃ አይጠይቅም። ሃይድራንጃ ግን ቧንቧችን በፈረቃ በሚመጣበት አገር እንደ ሕፃን ነው፤ ቀትር ላይ ሰፋፊ ቅጠሉን ጥሎ የሞተ ይመስላል፣ ውሃ ካገኘ ወደ ማታ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሣል። በዚህ ጠባዩ ያመጣችልኝን ይመስላል። የቀጋ አበባ ነፋስ ሲነካው ይረግፋል፤ የሃይድራንጃው፣ እንደ ኳስ ተሰብስቦ የሚያብበው፣ ወር አልፎትም እዚያው ነው። ቀጋ ሽታው ከበር ይቀበልሃል፣ ንብ ከላዩ አይጠፋም። ሃይድራንጃን አፍንጫህን ብትቀብርበት ምንም የለም፤ ንብ እንኳ ዞሮ አያየውም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ያ አበባ ሲፈካ ደጁ ላይ ቆሜ አየው ነበር። ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ እናደዳለሁ።

አንድ ሰሞን የምድጃ አመድ በሙሉ ሥሩ እየደፋሁ ከረምሁ። እንዲደርቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓመት አመዱ ሊያደርቀው ቀርቶ ቀለሙን ለወጠው፤ ሰማያዊው ጠፍቶ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ቀልቶ አበበ። ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ልጄ ጓደኞቿን እየጠራች ፎቶ አስነሣቻቸው። እህቱ ስታየው አፏን ያዘች።

"ምነው፣ ከእኔው ቆርጬ ያመጣሁት አይደል? ምን አብልተሽው ነው?"

"ምንም" አልኋት።

አዘዞ ሄዳ ለጎረቤት ሁሉ የሙሽሪት እጅ ይባረካል እያለች ማውራቷን ሰማሁ። በዚህም መናደድ ነበረብኝ፤ እንዴት እንደሚናደዱበት ግን አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ከሃይድራንጃው መሐል አንድ ቀጭን ቀንበጥ ያየሁት። ቅጠሉን ገልጬ ዳሰስሁት፤ እሾህ አለው። የቀጋው ሥር አልሞተም ኖሯል። ለማንም አልተናገርሁም። ሰፋፊው ቅጠል ሸሸገልኝ፤ ለዚያኛው ብዬ የማጠጣው ውሃም ለዚህኛው ደረሰ። የእሷ አበባ የእኔን ቀጋ አሳደገው። በቁመት ከበለጠው በኋላ መደበቅ አልተቻለም፤ እሷም በዚያ መሐል ጉልበቷን ታማ ከቤት መውጣት ትታ ስለነበር አላየችውም።

አሁን ባለፈው ዓመት የሰባተኛው ዓመት ተዝካር ደረሰ። በምርኩዝ እየተደገፈች መጣችና ገና ከበሩ ቆመች።

"ዳሱ እንደ ድሮው እዚህ ይጣል። ኧረ! ይህ እሾህ እንደገና መጣ?"

"መጣ።"

"አስቆርጪው እንጂ፣ አበባዬን አንቆ ሊገድለው ነው።"

"አይቆረጥም እትዬ።"

"በስማም! የሟች ቃል እንኳ አይከበርም?"

"የማን ቃል?"

"የወንድሜ ነዋ። አልጋ ላይ ሳለ፣ 'ያን እሾህ ከበሩ አንሺልኝ፤ ስወጣ ይይዘኛል' አለኝ።"

ልጄ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ለእኔ ለምን አልነገረኝም?"

"ለአንቺ? አንቺ ከቀጋው ትብሺ አልነበር? እሱስ ቢሆን፣ ቀስ ብለው ሲያላቅቁት ይለቃል።"

ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እኔ አልሳቅሁም።

"ታዲያ ከቀብሩ በፊት ለምን አላስቆረጡትም?"

"ረሳሁታ! ያን ቀን ማን ልብ ነበረው? ጨርቁን ሲይዘው ነው ትዝ ያለኝ። ወንድሜን በሩ ላይ አስቁሞ ሲያሰቃየው።"

ይህን አስታውሳለሁ። የሬሳ ሳጥኑ ከበሩ ሲወጣ የለበሰውን ጨርቅ ቀጋው ያዘው። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ሴቶቹ "አልሄድም አለ!" ብለው ጩኸቱን አቀለጡት። እህቱ ጨርቁን ለማላቀቅ ስትታገል እጇ ደማ። እኔ ግን ከኋላ ቆሜ፣ ትንሽ ይቆይ ብዬ ነበር። የእናቴ ቀጋ ያዘልኝ ብዬ ነበር።

እውነቷን ይሆን? እሱ "ዘበኛው ፈተሸኝ" ሲል ለእኔ እየነገረኝ ነበር ይሆን? ወይስ እሷ ከሰባት ዓመት በኋላ መልስ ስታጣ በሙት አፍ ተናገረች? ስንት ጊዜ አገላበጥሁት። ድምፁን ለማስታወስ ሞከርሁ፤ "ስወጣ ይይዘኛል" የሚለውን በእሱ ድምፅ ስለው የእሱ ይመስለኛል፣ በእሷ ድምፅ ስለው የእሷ ይመስለኛል። የዚያን ጊዜ የሰፋሁት ካፖርት ከልብስ ሣጥኔ ውስጥ አለ። አውጥቼ እጅጌውን ዳሰስሁት፤ ክሩ የእኔ ነው፣ ሌላ ምንም አይናገርም።

ሐዘንተኛ አልነበርሁምና በዚህ ተዝካር ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ዳሱ ቀርቶ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ድንኳን አስተከልሁ። እሷን ከቀሳውስቱ ቀጥሎ አስቀመጥኋት። በላች፣ ጠጣች፣ ስለ ቀጋው አልተነጋገርንም።

ዝናቡ ሲገባ ሃይድራንጃውን ከነአፈሩ ነቅዬ ከጓሮ፣ የዕቃ እጣቢ ከሚፈስበት አጠገብ ተከልሁት። ይዟል። ቀጋውን እበሩ ላይ ተውሁት። ወደ መተላለፊያው ያዘነበሉትን ቅርንጫፎች ግን በመቀስ ቆረጥኋቸው፤ አሁን ሳጥን ተሸክሞ የሚያልፈውን ሰው አይይዘውም።