ያልተቀመሰው ክኒን

ከእስር ክፍሉ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎቹን ነው። በሩ ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱም ማሰሪያ የለውም። ፖሊሶቹ የእኔንም ማሰሪያ ፈትተው ወሰዱና አስገቡኝ። ወንጀሌ ጭሮ ከተማ ላይ በተጠራ ስብሰባ ስለታሰሩ ሰዎች የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ራሴ ሄጄ አየሁት። አልፈራሁም፣ አልተናደድኩምም። ደንዝዤ ነበር።

ቦታ የለቀቁልኝ ከቦኬ ወረዳ የመጡ ጫት ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። «አብሽር፣ ተቀመጥ። እዚህም ቢሆን እንግዳ አይቆምም» አሉኝ። ጉበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። እኔም የልቤን ነገርኳቸው።

ልቤን ታምሜ ከተነሳሁ ወዲህ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን እወስዳለሁ። ፋርማሲስቷ ስትሰጠኝ በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ፣ ጡንቻዬን ካመመኝ ወይም ሽንቴ ከጠቆረ ቶሎ እንድመጣ፣ ለሌላ ሰው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ እንዳልሰጥ አስጠንቅቃኛለች። የተያዝኩት ከሱቄ ስለነበር ክኒኑ ቤት ቀረ።

በማግስቱ ልጄ ምሳና ክኒኑን ይዛ መጣች። ስንቅ ያመጣ ሰው ፖሊስ ፊት ይቀምሳል፤ ደንብ ነው። ከሽሮው ቀመሰች። ፖሊሱ ክኒኑን አገላብጦ አየና ይህንንም ቅመሺ አላት።

ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆድ ሳይገፋ ለባዕድ አይወራም። በበሩ ፍርግርግ በኩል ሆኜ እኔው ፊትህ ልዋጠው ብዬ ለመንኩት። የሚቀምሰው ያመጣው ነው አለኝ። መድኃኒት እንደ ወጥ አይቀመስም ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ልጄ አንዷን ፍሬ ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አደረገችና አየችኝ። ልትውጣት ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ቢኖር ያ ፍርሃት ብቻ ነው።

«መልሺው» አልኳት።

«አባዬ፣ ልብህስ?»

«ይዘሽው ቤት ግቢ።»

ፖሊሱ መርዝ ባይሆን ኖሮ አትመልሰውም ነበር አለ። ሽማግሌው ከኋላዬ ተነስተው እኔ ልቅመስለት ብለው በኦሮምኛ ተናገሩት። ክንዳቸውን ያዝኩ። እርስዎ ጉበትዎን ያምዎታል፣ አይሆንም አልኳቸው። ልጄ ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ዞር ሳትል ሄደች።

ሽሮውን አብረን በላን። ሽማግሌው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አልጠይቅህም» አሉ። «ረቢ በሰላም ያገላግላት።»

እስክፈታ ድረስ ያለ ክኒን ከረምኩ። ሐኪሜ በኋላ ማቋረጤን አልወደደውም፤ አንዲት ፍሬ ልጄን ላትጎዳት ትችል እንደነበርም ነገረኝ። ያኔ እዚያ በር ላይ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖርም የማደርገው ያንኑ ይመስለኛል።

የልጅ ልጄ አሁን ትሮጣለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው። ማታ ማታ ክኒኔን ከዋጥኩ በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ ማሸጊያውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እጇ ከማይደርስበት። እናቷ ወንበሩን ትይዝልኛለች።