የብረት ለበሷ መስኮት

አክስቴን የሰፈር ሰው «እምቢኝ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ትሠራበት የነበረው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃ ነው። ደም የነካውን አንሶላ ያለ ጓንት እጠቢ ቢላት፣ «እምቢኝ! እጄ የመንግሥት አይደለም» ብላ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ጓንቱ እስኪመጣ አልተነሳችም። አለቃው ሊሰድባት ያወጣውን ስም እሷ እንደ ማዕረግ ይዛው ቀረች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ቤታቸው ተቃጥሎ ስለነበር እሷና ባሏ የገቡት፣ ወታደሮች መንገድ ዳር ጥለዋት በሄዱት ብረት ለበስ መኪና ውስጥ ነው። ሞተሯ የወለቀ፣ ጎማዋ የተነፈሰ። ቀን እንደ ምድጃ ትፋጃለች፣ ሌሊት በረዶ ናት። አጎቴ በያጅ ነበርና ጎኗን በጋዝ መቁረጫ ቀዶ መስኮት አወጣላት። ብረቱ ወፍራም ስለነበር ሥራው ክረምቱን በሙሉ ፈጀ። አክስቴ እዚያ መስኮት ሥር ልጅ ወለደች፣ አጠባች፣ ከጎረቤት ተጣላች፣ ታረቀች። ኋላ ቤት ሲያገኙ መኪናዋን ሰዎች ጎትተው ወሰዷት። ከዚያ አጎቴም አረፈ።

ባለፈው ወር አንድ ኮንትራክተር የድሮ የጦር መኪኖች ሰብስቦ ግቢውን ለጎብኚ መክፈቱን ሰማሁና አክስቴን ይዣት ሄድኩ። መኪኖቹ ተወልውለው፣ አዲስ ቀለም ተቀብተው፣ በገመድ ታጥረው ተደርድረዋል። ሰውዬው ራሱ እየዞረ ያስጎበኛል። የእያንዳንዷን የፈረስ ጉልበት ሲያወራ የልጁን የፈተና ውጤት የሚናገር አባት ይመስላል። እኔ በበኩሌ ሰው የፈጀ ብረት እንዲህ ሲሞሸር ሳይ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም እንግዳ ነኝና ዝም አልኩ።

የመጨረሻዋን መኪና አክስቴ ከሩቅ ለየቻት። አጠገቧ አንድ በያጅ በልክ የተቆረጠ ላሜራ ይዞ ቁጢጥ ብሏል።

«ይቺ ብርቅ ናት» አለ ባለቤቱ። «ምን ያደርጋል፣ አንዱ ባለጌ ጎኗን በስቶ አበላሽቷታል። ዛሬ እናስደፍነውና ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች።»

«ባለጌው ባሌ ነው» አለች አክስቴ።

ሰውዬው ደነገጠ። «ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም። ግን ታሪክ እንደነበረ መቀመጥ አለበት። ፋብሪካው ይሄን ቀዳዳ አላወጣውም።»

«ፋብሪካው ክረምቱን አብሮን አልከረመም። ደግሞ ቀዳዳ አይደለም፣ መስኮት ነው።»

ይህን ብላ በገመዱ ሥር አለፈች። ጥበቃው «እናቴ፣ መግባት ክልክል ነው!» እያለ ሮጠ።

«በገዛ ቤቴ?» አለችና ተንጠልጥላ ገባች። ጉልበቴን አሞኛል እያለች ስንት ዓመት ባልዲ ያሸከመችኝ ሴትዮ! ወዲያው ራሷን በመስኮቱ ብቅ አደረገች።

«እትዬ፣ ይውረዱና እንነጋገር» አለ ባለቤቱ፣ ላቡን እየጠረገ። «የጦር መኪና መስኮት ኖሮት ያውቃል? ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅ! እኛስ መቼ ስናለቅስ ብቻ ኖርንባት? ስማኝ ወንድሜ። በዚያች ከፊት ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ሰው የሚታየው ሊተኮስበት ነው። በዚህችኛዋ እኔ ባሌ ከሥራ ሲመጣ አየው ነበር። አሁን የትኛዋ ናት የምትደፈነው?»

በያጁ ተነስቶ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ የባለሙያ እጅ ነው። እኔ አልደፍነውም» አለና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ሌላ በያጅ ሞልቷል! እሷንም ፖሊስ ጠርቼ አስወርዳታለሁ!» ብሎ ጮኸ ባለቤቱ።

«ጥራ። እስኪመጡ አረፍ እላለሁ» አለች አክስቴ።

እኔም ሳፍነው የዋልኩት ንዴት ገነፈለና ሄጄ የመኪናዋ በር ላይ ቁጭ አልኩ። እሷን ሊያወርድ የሚመጣ በእኔ ላይ ተራምዶ ይለፍ። የዚያን ዕለት የእሷ ዘመድ በመሆኔ የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

በዚህ መሃል ሌሎች ጎብኚዎች፣ ባልና ሚስት፣ ደረሱ። ባለቤቱ ፈገግታውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ስለ ብረቱ ውፍረት መተረክ ጀመረ። እንግዶቹ ግን ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ቀርቷል። አክስቴ ሻሿን አስተካክላ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተመለከተቻቸው።

«ምን ደጅ ትቆማላችሁ? ግቡ እንጂ!»

ሚስትየዋ ባለቤቱን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ በገመዱ ሥር አለፈች።