የአባቴ ልብ ገበያ ወጣ

አባቴ ልቡን በአልትራሳውንድ እንዲታይ ቀጠሮ ከተያዘለት ጀምሮ ማሳ አልረገጠም መባሉን ስሰማ ደስ አለኝ። እግሩ እያበጠ፣ ከጎተራው እስከ በረቱ ለመድረስ እያለከለከ፣ «ዘንድሮም ሩዜን የማርሰው ራሴ ነኝ» እያለ አስቸግሮኝ ነበር። በስንት ልመና ተስማማን፤ ልቡ ደህና ነው ከተባለ ያርሳል፣ አይደለም ከተባለ ሞፈሩን ይሰቅላል።

ልጠይቀው ወደ ገጠር ስወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በእኛ በፎገራ በሬ ለገበያ ሊወጣ ሲል ከሥራ ይፈታል፤ አተላ እየጠጣ፣ ጨው እየላሰ፣ ሞላ ብሎ ይቀርባል። አባቴም ራሱን እንዲያው እያደለበ ነበር። ጠላውን ከጎኑ፣ ጨው የበዛበትን ፍትፍት ከፊቱ አድርጎ ተጋድሟል።

«አባዬ፣ ጨው ተከልክለህ የለም እንዴ?»

«ከስቶ የቀረበን ልብ ማን ደህና ነው ይለዋል?» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ይዤው ሄድሁ። ክሊኒኩ ወረታ ነው፤ እኔ ሞባይል ከምጠግንባት ሱቅ ብዙም አይርቅም። ሐኪሟ ወጣት ናት። በግራ ጎኑ አስተኝታ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታስጠጋው ደረቱን ነፍቶ ቀጥ አለ።

«አባባ፣ ይተንፍሱ እንጂ!»

«ስተነፍስማ ይጎድላል።»

ስክሪኑ ላይ ልቡ ከፈት ዘጋ ሲል አየሁና ፈራሁ። ሐኪሟ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አድርጋ አየችና «የልብዎ ጡንቻ ወፍሯል» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ሰማህ? ወፍሯል!»

«አይ አባባ፣ የጤና ውፍረት አይደለም። የደም ግፊቱ ከብዶት፣ እየታገለ ነው የወፈረው። ስለ ደነደነ ደም በቅጡ አይሞላበትም። መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰዱ፣ ጨውም ከተዉ ይሻልዎታል። ሞፈር ግን ዘንድሮ አይነኩም።»

ይሟገታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀንበር ከብዶት ማጅራቱ የደነደነ በሬ ስንት አይቷል፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«ይኸ ነው የኔ?»

«እሱ ነው።»

«አሁንም እየሠራ ነው?»

«ይሠራል እንጂ፣ አባባ።»

«በሬዎቼን በበዓሉም በሰንበቱም እፈታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኸን ግን አንድ ቀን እንኳ ፈትቼው አላውቅ።»

ቅባቱን ከደረቱ ላይ በሶፍት ጠርጌ አነሣሁት።

«ይሁን፣ ሞፈሩን ሰቅያለሁ» አለኝ ሸሚዙን እየቆለፈ። እፎይ አልሁ፤ እፎይታዬ ግን እስከ በሩ እንኳ አልደረሰም። ከእኔ ሌላ ወንድ ልጅ የለውም።

«ሰኞ በጠዋት ና» አለኝ። «በሬዎቹ እንግዳ ሰው አይወዱም፤ ይልመዱህ።»