«ፈሪ ነውና ይሂድ»

ባለፈው እሑድ እዚሁ ሆሳዕና ለአንድ ጎረቤታችን ተዝካር ተጠርቼ ነበር። ዳሱ ሞልቷል፤ ጠላው የበሰለ፣ ወጡም እጅ የሚያስቆረጥም። ገና መጉረስ እንደጀመርኩ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሟቹን አያት፣ ግራዝማቹን፣ ያወድስ ጀመር። «የድሃ አባት ነበሩ፤ ወታደሩን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት» አለ። እጄን ታጠብኩና ወጣሁ። አንድ ጎልማሳ ያመመኝ መስሎት ክንዴን ሊይዝ መጣ። አላመመኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ንዴት ነው እንደ አዲስ የነደደብኝ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አባቴ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ስለነበር፣ ሲሞት ጠመንጃውም ግዴታውም ወደ እኔ ዞረ። በሰላም ጊዜ የራሴን ኑሮ እኖራለሁ፤ ነጋሪት ሲጎሰም ግን ስንቄን ይዤ ከግራዝማቹ ኋላ እከተላለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ቆላ ስንወርድ የጥይት ሣጥን የጫነች በቅሎ ተንሸራተተች። ሣጥኑን ልይዝ ዘልዬ ገባሁ፤ ቀኝ እጄ ከሣጥኑ ሥር ተጨፈለቀ። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቼ ግን ከዚያ ወዲያ ቃታ መሳብ አልቻሉም።

ስለዚህ ጨው ነጋዴ ሆንኩ። ከሆሳዕና ዶዮገና፣ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ እስከ ሙዱላ እዘልቃለሁ። የዶዮገና መንገድ በክረምት አህያ እስከ ሆዷ የሚውጥ ጭቃ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ሰፊ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ እንጠለላለን። ዛሬ ባለቤቴ የሆነችውን ልጅ ያየኋት እዚያ ገበያ ነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ከእሷ የማልፈልገውን ቅቤ ስንት ጊዜ እንደገዛሁ እግዜር ይወቀው።

አባቷ ላምቦሬ የተከበረ የከምባታ ገበሬ ነበር። ሽማግሌ ስልክበት፣ «ወታደር ነጋሪት ሲመታ ይሄዳል። ልጄን ለነጋሪት አልድርም» ብሎ መለሳቸው። ወታደርነቴ ማብቃቱን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ማስረጃው ደግሞ በግራዝማቹ እጅ ነበር።

ችግሩ ግን እኔና ግራዝማቹ ተቃቅረን ነበር። ከዚያ በፊት አሽከሮቻቸው የአንዲት ባልቴት በሬ ነድተው ሲወስዱ አይቼ ዳኛ ፊት መስክሬባቸው ነበር። በሬው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እህል ጠባቂ ሲፈለግ፣ አጥር ሲታጠር፣ ጭነት ሲጫን፣ ቀድሞ የሚጠራው የእኔ ስም ሆነ።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ግቢያቸው ሄድኩ። ዶፍ ይወርዳል። ደጅ የሚጠናው ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ተጠልሎ ነበር፤ እኔን ግን በረኛው ዝናቡ ላይ አቆመኝ። በኋላ ተጠርቼ ገባሁና እጅ ነሳሁ።

«ምን ፈለግህ?» አሉኝ ግራዝማቹ።

«ጌታዬ፣ እጄ ጠመንጃ አይዝም። የስንብት ወረቀት እንዲጻፍልኝ ልለምን ነው።»

«ምላስህስ? እሱ ደህና ነው አይደል?»

አሽከሮቹ ሳቁ።

«በል እንግዲህ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ያ ምስክርነት ሐሰት ነበር ብለህ እነዚህ ሁሉ ፊት ተናገር። አሁኑኑ አጽፍልሃለሁ።»

ያችን ልጅ አሰብኳት፤ ባልቴቲቱንም አሰብኳት።

«ያየሁትን ነው የመሰከርኩት፣ ጌታዬ።»

ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ፤ አንድ ሸምገል ያለ ደብተራ ነው።

«ጻፍ። ይህ ሰው ፈሪ ነውና፣ ለጦርም አይረባምና፣ ወደ ቤቱ ይሂድ በል።»

ደብተራው ብዕሩን አነሳ። «ጌታዬ፣ እጁ ቆስሏል ቢባልስ…»

«ያልኩህን ጻፍ!»

ማኅተሙ አረፈበት። ወረቀቱን እግሬ ሥር ጣሉትና፣ «ታነሣዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?» አሉኝ።

አነሣሁት። ጎንበስ ስል የሰማሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናቴ ስታየው፣ «ያባትህ አጥንት ይወቅሰናል፣ ቅደደው!» ብላ አለቀሰች። በየኬላው ወረቀት አሳይ ስባል፣ ጠባቂዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ መንገደኛ ዲያቆን ጠርተው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አህያዬን ከሩቅ ሲያዩ «ፈሪው መጣ!» ይባባሉ ጀመር። አንዳንዱ ቀን መልሼ ሄጄ ወረቀቱን ግራዝማቹ ፊት ላይ ብወረውረው እል ነበር። ሳልወረውር ዶዮገና ደረስኩ።

ላምቦሬ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቃጫ ይገምዳል። አማርኛው ጥቂት ስለነበረ የቤተ ክርስቲያኑን ዲያቆን አስጠራና በከምባትኛ አስነበበው። ዲያቆኑ «ፈሪ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሽማግሌው መገመዱን ተወ።

«ማን አለ ይሄ?» አለኝ በአማርኛ።

«ግራዝማቹ።»

«ለምን አለ?»

የባልቴቲቱን በሬ ነገር ነገርኩት፤ ዲያቆኑም ተረጎመለት። ላምቦሬ ቀስ እያለ፣ ቃል እየፈለገ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ቤት ጀግና ብዙ መጣ። ላም ወሰደ፣ ማር ወሰደ፣ ማገዶ አሸከመኝ። ፈሪ አንድም ቀን መጥቶ በሬዬን አልነዳም።»

ወደ ውስጥ ተጣርቶ ቆጮና አይብ አስመጣልኝ። ፊቱ አልተፈታም፤ ወታደር ይጠላ ነበር፣ እኔንም ገና አልወደደኝም። ግን «ብላ» አለኝ። ልጁን የሰጠኝ መስከረም ሲጠባ ነው።

እሑድ ከተዝካሩ ስመለስ ለባለቤቴ የሆነውን ነገርኳት። ሳቀች።

«ቢያመሰግኑትስ ምን አለበት? እሱ ባይሰድብህ አባቴ መች ይሰጠኝ ነበር?»

እኔ ግን አልሳቅኩም። የንስሐ አባቴም ይቅር በላቸው ይሉኛል፤ በየጾሙ እሞክራለሁ፣ አንዳንዴም የተሳካልኝ ይመስለኛል። «አንቺን የሰጠኝ አባትሽ ነው» አልኳት። «ለዚያ ሰው ግን አንቺን በሚያህል ነገር ባለውለታ አልሆንም።»

«እሺ፣ አትሁን» አለችና ራቴን አቀረበችልኝ።