ትንፍሽ የማይል ክፍል

እኔ ዝም የሚል ሰው አልወድም። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ብቻ አፍህን ክፈት። እንግዲህ ባሕር ማዶ ባለ ክርስቲያን ኮሌጅ እንግሊዝኛ ላስተምር በእንግድነት ሄጄ፣ ትንፍሽ የማይሉ ተማሪዎች ሲገጥሙኝ ምን ያህል ደሜ እንደፈላ እናንተው ገምቱት።

ሲጀመር ሁሉም ነገር ዞሮብኝ ነበር። የሰጡኝ ክፍል አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ አላት፤ መስኮቷ የጸሎት ቤቱን ጀርባ ነው የምታሳየው። ደወል ይደወላል፤ ሰዉ ይሮጣል፤ እኔም አብሬ እሮጣለሁ፣ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። አንዴ ለምሳ የሚሄዱ መስሎኝ ስከተላቸው የመዘምራን ልምምድ መሀል ገብቼ አረፍኩት። አንዷ ፈገግ ብላ መዝሙር የተጻፈበት ወረቀት አስያዘችኝ። ልውጣ እንዳልል አፈርኩ፤ እስኪያበቃ አፌን ሳነቃንቅ ቆየሁ። ምሳው አመለጠኝ።

ይሄስ ያልፋል። እንቅልፍ የነሳኝ የአርብ ጉዳይ ነበር። የኮሌጁ ዲን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ረጅም ሰው፣ እንደደረስኩ ቢሯቸው አስቀምጠው፣ «አርብ ክፍልዎ ገብቼ አያለሁ። ከተማሪዎቹ ጋር ከተግባባችሁ ለረጅም ጊዜ እናስቀርዎታለን፤ የቤተሰብ ቤትም እንሰጥዎታለን። ካልሆነ የዓመቱን ውል እዚያችው ክፍል ሆነው ይጨርሳሉ» አሉኝ። ለእኔ የቤተሰብ ቤት ማለት ልጄ ማለት ናት። ድንቡሼን፣ አባቷ ካረፈ ወዲህ ከጎኔ ተለይታ የማታውቀውን ልጅ፣ እህቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት።

«እማ፣ እኔ መቼ ነው የምመጣው?» ትለኛለች በስልክ።

«አርብ ይለይለታል፣ የኔ እናት።»

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ብድግ አሉ፤ ሰላም አልኳቸው፤ ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። ጠየቅኩ፤ ዝም። ቀለድኩ፤ ዝም። ደወሉ ሲደወል አንዷ ጎንበስ ብላ «ነገም እንጠብቅዎታለን» ብላኝ ወጣች። ምን ማለቷ ነው? የሚገርመው ደግሞ ኮሪደር ላይ እነዚሁ ልጆች ከበውኝ ጆሮዬ እስኪደነቁር ያወሩኛል፣ ያውም በእንግሊዝኛ! ክፍል ሲገቡ ምላሳቸውን ማን እንደሚቆልፍባቸው እንጃ።

«ገላምጠሻቸው ይሆናላ!» አለችኝ እህቴ ስነግራት። «ያንን ፊትሽን እኔ አውቀው የለ!»

በማግስቱም ያው። ረቡዕ ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ ምን አደረግኳችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ይባስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አርብ ዲኑ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ማስተማር ስጀምር እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። አለቀልኝ፣ አልኩ በልቤ፤ ሰውየውን ገና ከመጀመሬ አስተኛኋቸው። ላቤ ጠብ እስኪል ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ እንደ እብድ ብቻዬን ጠይቄ ብቻዬን መለስኩ። ሰዓቱ ሲጋመስ ዲኑ ቀና አሉ።

«ይቅርታ መምህርት፣ ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«እና እስካሁን ምን እያደረግኩ ነው?»

«አልጸለዩም እኮ። እዚህ ቤት ትምህርት የሚጀመረው አስተማሪው ሲጸልይ ነው። እስከዚያ ማንም አይናገርም። የመጡ ዕለት ሁሉን በጸሎት እንጀምራለን ብዬዎት ነበር።»

ብለውኛል፣ አልካድም። የመንፈሳዊ ሰው ወግ መስሎኝ ነው ያለፍኩት። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ተማሪዎቹ እኔን እየጠበቁ ነበር!

«ታዲያ አንዳችሁ እንኳ አትነግሩኝም?»

«እንግዳን ጸልዪ ብሎ ማዘዝ ይከብዳቸዋል» አሉ ዲኑ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። እኔ ከራሴ አውጥቼ፣ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸልዬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ቄሱ ይጸልያሉ፣ እኛ አሜን እንላለን፣ አለቀ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ጥሎኝ ጠፋ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የወጣው አማርኛ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምንም አልገባኝም። ደወሉም አልገባኝም፣ ሰዉም አልገባኝም። ልጄን ብቻ አምጣልኝ። እሷ ካለችልኝ ሌላውን ቀስ ብዬ እለምደዋለሁ።»

ድምፄ ተሰበረብኝ።

«አሜን!» አሉ ተማሪዎቹ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ። ከዚያማ ወይ ጉድ! እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። አንዱ የሰኞን ጥያቄ ሲመልስ ሌላዋ የለም ተሳስተሃል ትለዋለች፤ የማንን ልስማ? ደወሉ ቢደወልም የሚነሣ ጠፋ።

ዲኑ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ጸሎቱ ምን ነበር?»

ስለ ትምህርታችን ነው ልላቸው ዳዳኝ። ግን በጸሎት ይዋሻል? እንዳለ ነገርኳቸው። ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታ ደግሞ እኔን ይገድለኛል!

«እንዴ፣ የሆነ ነገር ይበሉ እንጂ!»

«ምን እላለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም አሜን ብያለሁ እኮ። የቤቱን ቁልፍ ሰኞ ይውሰዱ።»

ወዲያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ድንቡሼ ራሷ ናት።

«እማ፣ ምን አሉ?»

«አሜን አሉ።»

«እሺ ማለት ነው? ልመጣ ነው?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ፣ ቃል አልወጣኝም።

«እማ! ተናገሪ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። የእኔ ልጅ አይደለች፣ ዝም የሚል ሰው አትወድም።