ሦስት ሰው ሳይሰበሰብ የማይከፈት መልእክት

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር አንድ ሰው እንኳ እንግሊዝኛ ፈልጎ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የሐኪም ወረቀት የሚያስነብብ ይመጣል እንጂ ቋንቋውን ራሱን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሀዲያ አሕመድኑር መጥታ «መምህር፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ አለብኝና ያስጠኑኝ» ስትለኝ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ተቆጣሁ። ደስ ሲለኝ እቆጣለሁ፤ ሚስቴ ታውቀዋለች።

ሀዲያን በከተማው የማያውቃት የለም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጅዳ ሄዳ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ በ2006 ከሳውዲ በብዛት ከተመለሱት ጋር መጣች። ይዛ የመጣችው አንድ ትልቅ ስልክና ኢሞ በሚሉት መተግበሪያ እየተያዩ የመነጋገር ችሎታ ነበር። መናኸሪያው ፊት ለፊት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ልጁ ዓረብ አገር ያለችበት ሁሉ፣ ከአቀስታ የሚመጣው ሳይቀር፣ ገበያ ሲወጣ እሷ ዘንድ ጎራ ብሎ የልጁን ፊት አይቶ ይመለሳል።

በክፍሏ ሕግ አለ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ በእኛ አገር ላሟንም በቅሎዋንም ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማልቀስ ክልክል ነው። ክፉ ወሬ ካለ መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው። ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ደግሞ ቢጫ ሻሽ ተንጠልጥሏል። ሐዘን ላይ ያለች እናት ስትመጣ ጥቁሯን አውልቃ ቢጫውን ትጠመጥማለች፤ ሰው አገር ብቻዋን ያለች ልጅ ጥቁር አይታ እንዳትደነግጥ። እስላሙም ክርስቲያኑም አስሮታል። እኔ ይህ ውሸት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ተከራክሬያታለሁ።

ክፍሏ ግን የምታስገባው ከኪራይ አያልፍም። ሀዲያ ፓስፖርቷን አሳድሳ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። በዚህ መሐል፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በአማርኛ የሚሠራ የመልእክት መተግበሪያ አዘጋጅቶ «ፕሮዳክት ማናጀር» እንደሚፈልግ ፌስቡክ ላይ አይታ አመለከተች። ካለፈች እሰየው። ካላለፈች መስከረም ላይ እንደገና ጅዳ ነው። አባቷ ጋሽ አሕመድኑር ይህን ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሻቸውን ትተው የክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ።

ፕሮዳክት ማናጀር ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ለመምህር ነውር ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የዚህ ሥራ ጥያቄዎች የተባሉትን ከነመልሳቸው አሥራ አራት ገጽ አሳተምኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው በነፃ ከሚጠቀምበት የመልእክት መተግበሪያ እንዴት ገንዘብ ታገኛለህ?» የሚል ነው። መልሱ ማስታወቂያ ነው።

«የት ላይ ነው ማስታወቂያው?» አለች ሀዲያ።

«በወሬው መሐል።»

«በሰላምታው መሐል?»

«ታዲያ በየት ይሁን!» ብዬ ጮኽኩባት።

ሞክረን እንየው አለች። የሞከርነው በእትዬ የሻለም ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ አርባ ቀን አልሞላም፤ ልጃቸው ብርሀንነሽ ቤሩት ናት፣ ገና አልተረዳችም። ቢጫውን ሻሽ አስረው ስለ በጎቹ ሲያወሩ፣ ከስልኩ ጀርባ ቆሜ አንድ ሳሙና ከፍ አደረግሁና «ልብስዎ ይንጣ! አረፋው የማያልቅ ሳሙና!» ብዬ አወጅኩ።

«እማዬ፣ ማነው እሱ?» አለች ብርሀንነሽ።

«መምህር ታደለ ነው ልጄ። ደመወዙ አልበቃው ብሎ ሳሙና መሸጥ ጀምሯል።»

በሁለተኛው ማስታወቂያ እትዬ የሻለም ሳሙናውን ከእጄ ነጥቀው መንገድ ላይ ወረወሩት። «ልጄን ጠግቤ ሳላያት ሳሙና ትሸጥብኛለህ? ሃያ ዓመት የተማርከው ይህን ነው?» ቀኑ ገበያ ነበርና ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ሆኖም ሦስት ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሳሙናው ስንት እንደሆነ ጠይቀውኛል። ማስታወቂያ እንደሚሠራ በዚህ አረጋገጥኩ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ስልኩ መቆሚያው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ጎረምሶችና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ብቅ አሉ። እኔና ጋሽ አሕመድኑር ከማንታይበት ጥግ ተቀምጠናል። በሩ ላይ ግማሽ ገበያ ቆሟል። እንዳልኩትም መጀመሪያ የመጣው የገንዘቡ ጥያቄ ነው። ደረቴ አበጠ። ሀዲያ መልሱን ልትል አፏን ከፈተችና ዐይኗ ቢጫው ሻሽ የተንጠለጠለበት ሚስማር ላይ አረፈ።

«በአማርኛ ልመልስ?» አለች። ከንፈሬን ነከስኩ።

«ይቻላል» አለች መነጽር ያደረገችው።

«ጅዳ እያለሁ እናቴ ሞተች። ዓመት ከሁለት ወር ደበቁኝ። በደወልኩ ቁጥር ገበያ ሄዳለች ይሉኛል። ዓመት ሙሉ ገበያ! በኋላ አንዲት ያገሬ ልጅ የሰማሁ መስሏት 'አላህ ይርሐማት' ብላ ጻፈችልኝ። ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ማዳሟ በሽንኩርቱ ያለቀስኩ መስሏት አልፋኝ ሄደች።»

ጋሽ አሕመድኑር አንገታቸውን ደፉ። ገበያ ሄዳለች እያሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

«ከሰላምታ ገንዘብ አይወሰድም፤ ሰው ይጣላችኋል» ብላ ቀጠለች። «ማስታወቂያም በሳሙና ሞክረነዋል። እናንተ ሦስት ሰው ሳይሰበሰብ የማይከፈት መልእክት ሥሩ። መርዶ የሚላክበት። ሰው ለሞተባት ልጅ ሦስት ያገሯ ልጆች አጠገቧ ተቀምጠው በየስልካቸው 'አለሁ' ካላሉ አይከፈት።»

«ለዚህ ማን ይከፍላል?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ሐዘንተኛ አይከፍልም። ቅሬው ይከፍላል። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው ቅሬ በየመንደሩ አለ፤ አባሉ በየወሩ ያዋጣል። ለድንኳን ያወጣ ለሟቹም ልጅ ያወጣል።»

«ሦስት ሰው ባይገኝስ?»

«ይቆያል። እኛ መቆየት እናውቃለን።»

ምስላቸው ባለበት ቀረ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ተነሥቼ ስልኩን መታ መታ አደረግሁት፤ አዲስ አበባዎቹ ፊቴን ከቅርብ አዩት። «እናሳውቅሻለን» ብለው ተሰናበቱ። አሥራ አራት ገጽ ገደል ገባ!

መልሱ በእኔ ኢሜይል ነበር የሚመጣው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። የመጀመሪያው መስመር በእንግሊዝኛ «ስንገልጽልሽ እናዝናለን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ዐይኔ አላነበበም። አሳተምኩትና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ሆና ትስማው? ሽንኩርቱ ትዝ አለኝ። የቅሬያችንን ሰብሳቢ ሸህ አህመዲንንና እትዬ የሻለምን ለመንኳቸው፤ ሦስት ሆነን ማልደን፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ የአባቷን ቤት በር አንኳኳን።

ሀዲያ ከፈተች። የቅሬው ሰብሳቢ ከፊት፣ ጥቁር የለበሱት እትዬ የሻለም ከኋላ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከመሐል። በዚያ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የረሳሁት።

«ዙሀራ!» ብላ ጮኸች። ሪያድ ያለች እህቷ ናት። ጋሽ አሕመድኑር እየሮጡ ወጥተው ግድግዳውን ይዘው ቀሩ። ጎረቤቱ ነጠላውን እየጎተተ ግር ብሎ መጣ፤ አንዳንዱም ማልቀስ ጀመረ።

«ኧረ ዝም በሉ! ሥራው ነው!» አሉ እትዬ የሻለም። «ሥራው ነው የሞተው!»

ሀዲያ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «ሥራው? ሥራው ብቻ?» አለችና እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀመረች። «ወረቀቱን ይስጡኝ።» በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። «መምህር፣ ሁለተኛውን አንቀጽ አይተውታል?»

«እናዝናለን ካለ በኋላ ምን ይነበባል!»

«እነዚህ ሰዎች ክፉውን የሚያስቀድሙ ናቸው» አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ማናጀርነቱን ለሌላ ሰጥተዋል። የሦስቱን ሰው መልእክት ግን ሊሠሩት ነው። አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልጋትም፤ መካነ ሰላም ሆና፣ ከቅሬዎቹ ጋር እየተነጋገረች፣ በደመወዝ እንድትሠራላቸው ይጠይቃሉ። ጮክ ብዬ በአማርኛ ተረጎምኩት።

ሸህ አህመዲን ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ አሕመድኑር «ቆዩ» አሉ። ግድግዳውን ገና አልለቀቁም። «መምህር፣ እዚሁ ሆና ነው የሚለው?»

«እዚሁ ሆና ነው።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላቸው። ሌላውን ሁሉ ትተው ያችኑ አንዷን መስመር ደግመው ጠየቁኝ። በአራተኛው ጊዜ «ስንት ጊዜ ልበልዎ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሚስቴ አጠገቤ ብትሆን ምን እንደሆንኩ ታውቅ ነበር።